ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ጫፍ፦ የአንዲት ከስደት ተመላሽ እናት ጉዳይ

ይህ የአንዲት እናትና የሁለት ልጆቿ ጉዳይ ነው። እናትየዋ ኢትዮጵያዊት ናት። ልጆቹ ካርቱም ተወልደው ካርቱም ያደጉ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው መጡ። አሁን የሚኖሩት ከአዲስ አበባው አያት ሰፈር አለፍ ብሎ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ባለ አንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። እኔ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነኝ። ነገሩን ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስሟን፣ ብሎኳንና ወረዳዋን አልጽፍም፤ በዚህ ተስማምተናል። ሌላውን ግን «ጻፈው ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል» ብላኛለች።

ከስደት ለሚመለስ ሰው በዚህ ከተማ ምንም ድጋፍ የለም ሲባል እሰማለሁ። አለ። ትምህርት ቤት አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ የጤና መድን አለ፣ ለተቸገረ ቤተሰብ የሚሰጠው ሴፍቲኔት አለ፣ እድርና እቁብ አለ። ችግሩ አዲስ የመጣ ሰው የትኛው ቢሮ የትኛውን ወረቀት እንደሚፈልግ አለማወቁ ነው። የሚያውቅም ሰው ቢሆን ደጅ ጥናቱ ያደክመዋል። ለዚች እናት መጀመሪያ ያስፈለጋት ነገር አብሯት የሚሄድ ሰው ነበር። ገንዘብም፣ እቃም፣ ሥራም ከዚያ በኋላ ነው የመጡት።

ከየት መጣች

የጎንደር ገጠር ልጅ ናት። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ በመተማ በኩል ሱዳን ገባች። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች። ኋላ ደይም በሚባለው፣ ሐበሻ በሚበዛበት የካርቱም ሰፈር፣ መንገድ ዳር ሻይና ቡና መሸጥ ጀመረች። እዚያው ከአገሯ ልጅ ጋር ጎጆ ወጣች። ወንድና ሴት ወለደች። ባልየው ከጦርነቱ በፊት ወደ ሊቢያ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ጠዋት። የሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከተማው መሃል ተኩስ ገጠሙ። ለሱዳኖቹ ረመዳን ነበር፤ ለእሷ ደግሞ ቀዳም ስዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ዶሮዋ ተገዝታ ኩሽና ውስጥ ታስራ ነበር። «ጾሙን የፈታሁት መቼ እንደሆነ አላውቅም» ትላለች። መብራት ጠፋ፣ ውኃ ጠፋ። የአውቶቡስ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ያጠራቀመችውን ሁሉ ከፍላ በገዳሪፍ አድርጋ ገላባት ደረሰች፣ ከዚያም ድንበሩን አልፋ መተማ ዮሐንስ ገባች።

መተማ ላይ እርዳታ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችና የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ሰዎች የሚመጣውን ሰው ይመዘግቡ ነበር። ውኃና ምግብ ሰጧት። ወደ ውስጥ የሚወስድ መጓጓዣም አገኘች። ተመላሽ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ያዘች። ይህችን ወረቀት ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች። ጎንደር ወንድሟ ጋ ሰነበተች። ወንድሟ የእርሻ ሰው ነው፤ የራሱን ልጆች ማብላት ያቃተው ዓመት ነበር። ሐምሌ ላይ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ መጣች። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ሐምሌ 28፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ መንገዱ አይታሰብም ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር ያመጣት የአክስቷ ልጅ ናት። እሷም ተከራይ ናት፣ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አምስት ሰው ሆኑ።

ስደተኛና ተመላሽ

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል፤ የረዳ መስሎት የተሳሳተ ቢሮ የሚልክም አለ።

የውጭ ዜጋ ሆኖ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ስደተኛ ነው። ለእሱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አለ። የሚመዘግበው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ ከጎኑ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አለ። አዋጁ ትምህርትን፣ ጤናን፣ የባንክ አገልግሎትን፣ በሕግ በተቀመጠው መንገድ ሥራን ይፈቅዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ኪሎ አካባቢ የካቶሊኮቹ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት የሚያስተዳድረው የስደተኞች ማዕከል ከ1996 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ተራድኦ ኮሚሽንም በከተማ ለሚኖሩ ስደተኞች ይሠራል።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተመለሰ ሰው ግን ዜጋ ነው። አገልግሎቱን የሚያገኘው እንደማንኛችንም በወረዳው በኩል ነው። በወረቀት ላይ ግን ይህች እናት ያኔ የየትኛውም ወረዳ ነዋሪ አልነበረችም። የተወለደችበት ቀበሌ ከአሥር ዓመት በላይ አያውቃትም ነበር። የኖረችበት ከተማ እየተቃጠለ ነበር። አዲስ የመጣችበት ደግሞ ገና አልመዘገባትም ነበር። ዜጋ መሆኗ እውነት ነው፤ ዜግነቷን መስኮት ላይ የምታሳይበት ግን አልነበራትም።

መስኮቱ ጋ

አንድ ጠዋት ወረዳ አብሬያት ሄድኩ። ጉዳይ ያለው ሰው ብዙ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ወጣቱ ሠራተኛ ቀና ብሎ አያት።

«እህት፣ መሸኛ ይዘሻል?»

«ከየት?»

«ከነበርሽበት ወረዳ ነዋ።»

«የነበርኩት ካርቱም ነው።»

ልጁ ክፉ አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ እኔ ያለ መሸኛ መዝገብ ላይ ብጽፍሽ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከትውልድ ቦታሽ አምጪ» አላት። አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ግን ሆዷ ባባ። አፍ አውጥታ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ነገሩ ክብ ነው። መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ይጠየቃል። የምትኖሪበትን ቤት አሳዪ ይባላል፤ ወይ ውል ወይ የአከራይ ፈቃድ። ቤት ለመከራየት ደግሞ አከራዩ መታወቂያ ይጠይቃል፤ ተከራዩን ማስመዝገብ አለበትና። ሲም ካርድ መታወቂያ ይፈልጋል። ባንክም እንዲሁ። በስሟ ሲም ስላልነበራት ወንድሟ ሲደውል የሚያገኛት በአክስቷ ልጅ ስልክ ነበር። ከአንዱ ተነስታ ወደ ሌላው ስትሄድ መልሳ እዚያው ትገኛለች። ይህን ክብ ሰው ብቻውን አይሰብረውም። ጠንካራ ሴት ናት፤ ጦርነት አልፋ የመጣች ናት። እሷም ብቻዋን አልሰበረችውም።

ወረቀት ያልጠየቀችው ሴት

ነሐሴ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰማያዊ ጃኬቷን ለብሳ እንደ ልማዷ ቤት ለቤት ስትዞር የአክስቷን ልጅ በር አንኳኳች። አዲስ ሰዎች አየች። «እንግዳ አላችሁ? ልጆቹ ክትባት ጨርሰዋል?» አለች። መታወቂያ አልጠየቀችም። ለዚች እናት ከመተማ ወዲህ ወረቀት ሳትጠይቅ ያናገረቻት የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሠራተኛ እሷ ናት።

ክትባት ነጻ ነው። የእርግዝና ክትትልና ወሊድም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ናቸው። ይህን የማያውቅ፣ መታወቂያ የለኝም ብሎ ልጁን ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው። ትንሿ ልጅ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዳ የጎደላት ተሰጣት። ካርድ ወጣላት። ያቺ ቢጫ ካርድ ስሟ በአገሯ ፊደል የተጻፈባት የመጀመሪያ ወረቀት ሆነች። ትምህርት ቤት ስንሄድም ጠቀመችን።

ባለሙያዋ የእናትየዋንም ዓይን አየች። እንቅልፍ እንደማትተኛ ጠይቃ አወቀች። ጤና ጣቢያ ከአንዲት ነርስ ጋር አገናኘቻት። ነርሷ አላቻኮለቻትም። መድኃኒትም አልሰጠቻትም፤ በየተወሰነ ጊዜ እየጠራች ታናግራት ነበር። ለእሷ ይህ በቃት። ከአረብ አገር አእምሯቸው ተጎድቶ ለሚመለሱ እህቶች ግን ይህ አይበቃም። ለእነሱ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ መጠለያና የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጡ አገር በቀል ድርጅቶች አሉ። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለች እህት ካለች ጸበል ብቻ አትበሏት፤ ሁለቱንም አድርጉላት።

ልጁ ደግሞ ሌላ ነበር። የ2016 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዋዜማ ርችት ሲተኮስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። እሱ እህቱን ጎትቶ አልጋ ሥር ገባ። አፏን በእጁ ይዞ። ጎረቤቶች ያንን ሲሰሙ ደነገጡ። ከዚያ በኋላ የብሎኩ ወጣቶች ርችት ሊተኩሱ ሲሉ ቀድመው መጥተው ይነግሩታል። ይህን ያደረጉት ማንም ሳያዛቸው ነው።

አምስትና ዜሮ

ስለ ትምህርት ቤቱ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ጉዳዩ የተፈታው ከዚያ ጀምሮ ይመስለኛል።

መስከረም ላይ ሁለቱንም ልጆች ይዘን በአቅራቢያችን ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄድን። የሴቷ ቀላል ነበር፤ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፣ የክትባት ካርድ አላት፣ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ወንዱ ግን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ካርቱም በአረብኛ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል። ማስረጃው እዚያው ቀርቷል። አማርኛ ይናገራል፣ እናቱ አስተምራዋለች። ፊደል ግን አይለይም። አንደኛ ክፍል ከእህቱ ጋር እናስገባው ቢባል ቁመቱ ብቻ ያሳፍረዋል። አምስተኛ ክፍል ቢገባ ሰሌዳው ላይ ያለውን አያነብም።

ርዕሰ መምህርቷ ልጆቹ የማን ዜጋ እንደሆኑ ጠየቀች። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ አንቀጽ 6። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ኢትዮጵያዊ ነው። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996ም ይህንኑ ይላል። የትም ይወለድ። ርዕሰ መምህርቷ «ይግባና ይማር፣ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አምጡ» አለች። ለልጁም የሚችለውን ለማየት ፈተና ይሰጠው ተባለ።

የሒሳብ ፈተናውን ወደቀ። አሥራ አምስት ሲደመር አሥር ዓይነት ጥያቄ ሳይቀር መልሱ ልክ አይደለም። መምህሩ ሦስተኛ ክፍልም ይከብደዋል አለ። ወረቀቱን ያየ ሌላ መምህር ግን ነበር፤ ልጅ ሆኖ መድረሳ የቀራ። አየና «ቆይ፣ ይሄ ልጅ አልተሳሳተም» አለ። ሱዳን ውስጥ የሚጻፈው የአረብኛ ቁጥር ከእኛ ይለያል። አምስት ክብ ናት፣ ዜሮ ነጥብ ናት። ልጁ አምስት ብሎ የጻፈው ሁሉ ዜሮ ተብሎ ታርሟል። ዜሮ ያለው ነጥብ ደግሞ የቀለም ጠብታ ተደርጎ ታልፏል። ወረቀቱ እንደገና ሲታረም አንድ ብቻ ነው የሳተው።

መምህሩ እዚያው ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን ጻፈለት። ልጁ ወዲያው ያዘው። አራተኛ ክፍል ገባ። ጠዋት ጠዋት ግን ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ ወርዶ ከትንንሾቹ ጋር ፊደል ይቆጥራል። መጀመሪያ ሰሞን ደብተሩን ከኋላ ገጽ ጀምሮ ይከፍት ነበር። «ሀ»ን ከቀኝ ጀምሮ ይስላል። በጥር ወር ደብተሩን ሳይ የፊት ገጹ በእርሳስ ተሞልቶ ነበር፣ ትንንሽ ጠባብ ፊደል፣ መስመር የማይለቅ።

ሌላም ነገር አለ። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ ይመግባሉ። ዩኒፎርምና ደብተርም ከከተማው ይሰጣል። ለዚች እናት ይህ ማለት በቀን አራት ሳህን ከእሷ ትከሻ ወረደ ማለት ነው። ልጆቿ በልተው እንደሚመጡ ስታውቅ ነው ስለ ሥራ ማሰብ የጀመረችው። የትምህርት ቤት ምገባ ስለ ትምህርት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ያየሁት ግን አንዲት እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ከነገ በላይ ስታስብ ነው።

እድሩ

የአዲስ አበባ የድሮ እድሮች ብዙዎቹ የተቋቋሙት ከገጠር መጥተው ከተማ ላይ ባይተዋር በሆኑ ሰዎች ነው። ሰው አገር ስሞት ማን ይቀብረኛል ብለው ነው የተሰባሰቡት። የእኛ ኮንዶሚኒየም እድር ግን ለረጅም ጊዜ የባለቤቶች ብቻ ነበር። ተከራይ ዛሬ አለ ነገ የለም ይባላል። መግቢያውም ከበድ ያለ ነው።

የዚች እናት ነገር ሲመጣ ሴቶቹ ናቸው ቀድመው የተነሱት። ቡና ላይ ነው ያወሩት። አንዷ ፍራሽ አመጣች፣ አንዷ የልጅ ልብስ፣ አንዷ የማትጠቀምበትን ቡታጋዝ። ከዚያ ጉዳዩን ለስብሰባ አቀረቡት። ሊቀ መንበራችን ጋሽዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ለደንብ ጠንካራ ናቸው። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ተከራይ ሙሉውን መግቢያ ሳይከፍል በወር መዋጮ አባል የሚሆንበት አንቀጽ ጨመርን። የቀብር ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት ያነሰ ይሆናል፤ ድንኳንና ወንበር ግን እኩል ነው።

ይህ ለምን እንደጠቀመ ልንገራችሁ። የእድር አባል ማለት ጎረቤት የሚያውቀው ሰው ማለት ነው። ወረዳ ላይ ምስክር ሲጠየቅ «ማን ያውቃታል?» ለሚለው ሦስት ሽማግሌ አብሮ ቆመ። ጋሽዬ ከዘራቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። «ልጄ ናት፣ እኛው ነን የምናውቃት» አሉ። እሷ ያን ቀን እጃቸውን ሳመች።

ወረቀቱ እንዴት ተገኘ

ከሁሉ የከበደው መሸኛው ነው። ወንድሟ ወረዳው ድረስ መሄድ ነበረበት። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት የለም፣ ቢሮው የሚከፈትበትና የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ፎቶ አንስቶ መላክ አልተቻለም። ወረቀቱ በመጨረሻ የመጣው በእጅ ነው፤ ለሕክምና አዲስ አበባ በመጣ የሰፈራቸው ሰው ኪስ ውስጥ። ከመሸኛው ጋር የመተማዋ የተመላሽነት ወረቀት ተያይዛ ገባች። መካከል ላይ የጠፋውን ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ የምታስረዳው ያቺ ወረቀት ናት። ስለዚህ ከድንበር የተሰጠ ማንኛውም ወረቀት አይጣል። ቢቀደድ እንኳ ይቀመጥ።

ሁለተኛው የቤቱ ውል ነው። እዚህ ላይ ሕግ ረዳን። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ከዚያ በፊት አከራዮች ግብሩን ፈርተው በቃል ብቻ ያከራዩ ነበር። ተከራይ ነኝ ብትል የምታሳየው ወረቀት የለህም። አዋጁ ሲወጣ እዚያው ብሎክ አንድ ባለቤት የጽሑፍ ውል ሊገባላት ፈቀደ። ጎረቤቶች ስላሉ ነው የፈቀደው፣ አልዋሽም። ውሉ ወረዳ ተመዘገበ። መሸኛ፣ ውልና ምስክር አንድ ላይ ሲሆኑ የነዋሪነት መታወቂያዋ ወጣ።

ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ይህን ግን መጀመሪያም ማድረግ ይቻል ነበር፤ ለሌላው ሰው እንዲጠቅም እናገራለሁ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ ለሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበትን መንገድ ይሰጣል። ምዝገባው ነጻ ነው። ፋይዳ ማን እንደሆንሽ ይናገራል እንጂ የት እንደምትኖሪ አይመሰክርም፤ ስለዚህ የወረዳውን መታወቂያ አይተካም። ግን ለባንክና ለሲም ይበቃል። ባንክ አሁን አዲስ ሒሳብ ያለ ፋይዳ አይከፍትም። አዲስ ለመጣ ሰው ከሁሉ በፊት እሱን ያውጣ እላለሁ።

የጤና መድኑ ደግሞ ጊዜ አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። መክፈል ለማይችል መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ፣ ስም ዝርዝሩ የሚወጣው ግን ከሰፈር ነው። ስምሽን የሚጠራ ሰው ከሌለ አትገቢም። የእሷ ስም በሁለተኛው ዓመት ገባ። ሴፍቲኔቱ አልተሳካም፤ በወረዳው የኖረችበት ጊዜ አጭር ነው ተባለ። ደንቡን እረዳለሁ። ግን በጣም የተቸገረው አዲስ የመጣው ሰው ሆኖ ሳለ በአዲስነቱ መዝለሉ ልክ አይመስለኝም። ይህ መታየት አለበት።

ጀበናዋ

ካርቱም ቡና ትሸጥ ነበር ብያለሁ። የሱዳን ቡና ዝንጅብል አለው፣ ሹል ብሎ አፍንጫ ይገባል። ጠዋት ታክሲ ተራው አጠገብ በትንሽ ረከቦት ጀመረች። መጀመሪያ ደንብ አስከባሪዎች አነሷት፤ መንገድ ላይ ነውና። ረከቦቷን ይዛ ስትመለስ የግቢያችን ማኅበር መግቢያው ጋ፣ ከጥበቃው ቤት ጎን፣ ጥግ ሰጣት። አሁን የመገናኛ ሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶች ሳይቀሩ ይወርዳሉ። ባለ ዝንጅብሉን የሚጠይቅ ሰው በዛ። ሳምንታዊ እቁብ ገብታ በመጀመሪያው ዕጣዋ ፍሪጅ ልትገዛ ስትል ሴቶቹ መከሯት፤ ለቤት ኪራይ አስቀመጠችው።

በ2016 አጋማሽ አንድ የሱዳን ቤተሰብ እኛ ሰፈር ገባ። ሚስትየዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። አማርኛ አትችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀጥታ ወደ ጀበናው መጣች። እናትየዋ ረከቦቷን ለአክስቷ ልጅ ትታ ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለክትትሉ ሁሉ ጤና ጣቢያ አብራት ትሄዳለች። የደም ግፊቱን፣ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ፣ ሁሉን በአረብኛ ታስረዳታለች። የስደተኛ ምዝገባውም የት እንደሆነ ጠይቃ አወቀችላት። ምጡ የመጣው ሌሊት ነው፤ አምቡላንስ ውስጥም አብራት ነበረች። ማንም ደሞዝ አይከፍላትም። እኔ በጣም የምፈልገው ወረዳው ይህን ሥራ ሥራ ነው ብሎ እንዲቆጥረው ነው። አረብኛና አማርኛ የምትችል፣ መንገዱን ራሷ ያለፈችበት ሴት አንድ ቢሮ ውስጥ ወንበር ቢሰጣት ስንት ሰው ደጅ ከመጥናት ይድናል!

አሁን ያለበት

የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት አልተጠናቀቀም። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚመዘገበው፤ የእነሱ ዓመታት አልፎታል፣ የተወለዱትም ውጭ አገር ነው። የሴቷ የሆስፒታል ወረቀት አለ፣ በአረብኛ። ይተረጎማል፣ ይረጋገጣል። የወንዱ ካርቱም ቀርቷል። የአባትየው አለመኖርም ፎርሙን አክብዶታል። ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር እንድትጠይቅ ተነጋግረናል።

ልጁ ስድስተኛ ክፍል ደርሷል። የከተማው ፈተና አለበት፤ ለመመዝገቢያ ስሙ እስከ አያት በትክክል መጻፍ አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ ከፈተናው በፊት መድረስ ይኖርበታል። የትርጉሙን ቤት አግኝተናል፣ ዋጋውንም እድሩ ግማሹን ሊሸፍን ተስማምቷል። ማክሰኞ ጋሽዬና እኔ አብረናት እንሄዳለን።